ከዜሮ ጀምር፦ የምንጊዜም ምርጥ ጌሞቼ

«የምንጊዜም ምርጥ ጌሞች» ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ፣ ከላይ አካባቢ ዜልዳን ታገኙታላችሁ። «ኦካሪና ኦፍ ታይም» የሚባለውን። በ1998 ለኒንቴንዶ 64 የወጣ ነው። የጌም ተቺዎችን ነጥብ የሚሰበስበው ሜታክሪቲክ የሚባል ድረ ገጽ ላይ 99 ነጥብ አለው፤ ከሱ በላይ ያገኘ እስካሁን የለም። ጥሩ። ይገባው ይሆናል። እኔ ግን ደሴ ነው ያደግኩት። ኒንቴንዶ 64 የሚባለውን ዕቃ ያየሁት ዩቲዩብ ላይ ነው። ፈረንጅ አንደኛ ስላለው ብቻ እኔም አንደኛ አልለውም።

ስለዚህ ይሄ የኔ ዝርዝር ነው። ዜልዳ የለበትም። ፊፋም፣ የኳሱ ጌም፣ የለበትም፤ እሱን መጨረሻ ላይ እንነጋገራለን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ ወደኛ ስቀይራቸው ራሴም ግራ ስለሚገባኝ።

ሰው ጌም ሲያወዳድር ታሪኩ፣ ግራፊክሱ፣ አጨራረሱ ይላል። አጨራረሱ! እኛ ሰፈር የጌም መጨረሻ ያየ ሰው አልነበረም። ፕሌስቴሽን ቱ ሜሞሪ ካርድ ካልተሰካበት ምንም ነገር አያስታውስም፤ ስታጠፋው ያለፍከው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ካርዷ 8 ሜጋባይት የምትይዝ፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ነገር ናት። ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት አንድ ብቻ ነበረችው። ባለቤቱ ኪሱ ከቷት ይዞራል፤ ለኛ ለጩጬዎቹ አይሰጥም። ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ጌም የሚከፈልበት በሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ «ተነስ» ትባላለህ። ሳያልቅ መብራት ከሄደም ያው የራስህ ጉዳይ ነው። ክረምት ላይማ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ ሁላችንም አንድ ዓይናችን ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንድ ዓይናችን አምፖሉ ላይ ነው። ድርግም ሲል ቤቱ በአንድ አፍ «ውይይይ!» ይላል። ባለቤቱ «አብሽሩ፣ አሁን ይመጣል» ይላል። እሺ፣ መጣ። ከመጀመሪያ ነው።

ስለዚህ ለኔ ጥሩ ጌም ማለት «ከዜሮ ጀምር» ስትባል የማይደብርህ ጌም ነው። ሌላ መለኪያ የለኝም። ዛሬ የራሴ ማሽን አለኝ፣ ሴቭ እንደልቤ አደርጋለሁ፣ ግን መለኪያው አልተቀየረም።

ከታች ልጀምር።

ሰባተኛ ኩኩሉ። የኛው ልጆች፣ ቅኔ ጌምስ የሚባሉት፣ የሠሩት የስልክ ጌም ነው። የምትሮጠው ዶሮ ናት። ለምን እንደምትሮጥ ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። እውነቱን ለመናገር የሩጫ ጌም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ትዘላለህ፣ ትታጠፋለህ፣ ትጋጫለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ። ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባኋት ትንሽ ለወገን አድልቼ ነው። ይሁንልኝ።

ስድስተኛ ቴትሪስ። ከላይ የሚወርዱትን ጡቦች የምትደረድርበት። እኛ ጋ የመጣው «ብሪክ ጌም» ተብሎ ነው፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው፣ ስክሪኑ ግራጫ የሆነው። ሽፋኑ ላይ 9999 ጌም አለው ይላል። ከፍተህ ስታየው ያው ቴትሪስ ነው፣ ፍጥነቱን እየቀያየረ። ጌሙን የሠራው አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሚባል ሰው ነው፣ በ1984፣ ሞስኮ ውስጥ። ይሄ ጌም መጨረሻ የለውም እየተባለ ስንት ዓመት ተኖረ። በ2023 ማለቂያ ላይ ግን አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የድሮውን የኒንቴንዶ ቴትሪስ እየተጫወተ በጣም ርቆ ከመሄዱ የተነሳ ጌሙ ራሱ ስታክ አደረገ። ሰው ሳይሆን ማሽኑ ተሸነፈ ማለት ነው። ቪዲዮውን ሥራ ቦታ ተደብቄ ነው ያየሁት፤ ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው እኔንም አጠረኝ።

እባቧንም እዚሁ ልጨምራት፣ ለብቻዋ ቁጥር ልሰጣት አልፈልግም። የኖኪያ 1100 እባብ። ያ ስልክ በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፣ አንዱ የአክስቴ ነበር። እባቧ ረዝማ ስክሪኑን ልትሞላው ስትል አክስቴ ከጓዳ ትጮሃለች። «አንተ ልጅ! ካርዴን ጨረስክብኝ እኮ!» ጌም ካርድ እንደማይበላ ማንም ሊያሳምናት አልቻለም። እስከዛሬም አልተቻለም። ባለፈው ልጇ ስልኳ ላይ ፍሪ ፋየር ሲጫወት ተቆጣች፤ ዳታ ነበር የበራው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆነች።

አምስተኛ ኮንትራ። ካሴት የሚገባበት ማሽን፣ የጃፓኑ የኒንቴንዶ ፋሚኮም ኮፒ። ከቤታችን ትይዩ ያሉት ጎረቤቶቻችን ጋ ነበር። እናታቸው ጅዳ ይሠሩ ስለነበር አንድ ጊዜ ሲመጡ ይዘውላቸው መጡ። ዒድ በመጣ ቁጥር እማዬ «ሄደህ እንኳን አደረሳችሁ በል» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ ተጣጥቤ ጨርሻለሁ። ገብቼ አንድ ጊዜ እንኳን አደረሳችሁ እላለሁ፣ ከዚያ እስኪመሽ አልወጣም።

ኮንትራ ሁለት ሆናችሁ እየተኮሳችሁ የምትሄዱበት ጨካኝ ጌም ነው። አንድ ጥይት ከነካህ ሞትክ። ያለህ 3 ነፍስ ነው። ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ ብትል 30 ነፍስ እንደሚሰጥ የተቀረው ዓለም ሁሉ ያውቅ ነበር። እኛ አናውቅም። በሦስቷ ነው የታገልነው። ከሁሉ ግን ሦስተኛው ደረጃ ይለያል። ፏፏቴ ነው፣ ወደ ላይ እየዘለልክ ትወጣለህ። ስክሪኑ የሚከተለው ቀድሞ የወጣውን ነው። ከታች የቀረው ስክሪኑ ትቶት ሲሄድ ይሞታል። ልብ በሉ፣ ጠላት አልነካውም። የገደለው ጓደኛው ነው፣ ያውም በመፍጠኑ ብቻ። «ቆይ ጠብቀኝ! ወላሂ ለእማ ነው የምናገረው!» የሚለው የጎረቤታችን ልጅ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አልጠበቅኩትም። እሱም በሚቀጥለው ዙር አልጠበቀኝም። ይሄን ደረጃ የሠራው ሰው ወንድም እንደነበረው እርግጠኛ ነኝ።

አራተኛው ላይ ብዙ ሰው ይቆጣኛል። ሬድ ዴድ ሪደምሽን 2 ነው። በ2018 ወጣ። በ1899 አሜሪካ ውስጥ አርተር ሞርጋን የሚባል ሽፍታ ሆነህ ነው የምትጫወተው። ከዚህ የበለጠ የሚያምር ጌም አላየሁም። አንደኛ ያላደረግኩበትን ምክንያት እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን አጎቴን ልንገራችሁ።

አጎቴ ከደላንታ ለሕክምና መጥቶ እኛ ቤት ሰንብቶ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ ላይ የኖረ ሰው ነው። ጋቢውን ተከናንቦ ከኋላዬ ተቀምጧል፣ እኔ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው እየጋለብኩ ነው። ዝም ብሎ አየ፣ አየ፣ አየና፦

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ፈረስ ደክሟል እኮ።»

«አያ፣ ጌም ነው እኮ።»

«ጌም ቢሆንስ! ውረድለት።»

ወረድኩ። ምን ላድርግ? ለካ ጌሙ ውስጥ እውነትም ፈረሱ ይደክማል፣ ከመጠን በላይ ከነዳኸው እስከ መሞት ይደርሳል። ስታበላውና ስትቦርሸው ደግሞ ይለምድሃል፣ ይታዘዝሃል። እኔ ይሄን ሁሉ እየዘለልኩ ነበር የምጫወተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ፊት መጋለብ ቀረ። ሣር ያስነጨኛል፣ ያስቦርሸኛል፣ ዳገት ላይ አስወርዶ ያስመራኛል፤ ተኩሱን ከነመፈጠሩ ረሳሁት። አንድ ማታ ደግሞ አርተር ሲያስል ሰማው። «ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም» አለ። «አክታውን ይመርመር።» ገና ጌሙ ራሱ ምንም ሳይል! ጌሙን ያልጨረሳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን አያ ልክ ነበር። ነቀርሳ ነው። ሐኪሙ ብዙ ቆይቶ ነው የሚነግረው። እኛ አገር ያደገ ሰው ግን ያንን ሳል ያውቀዋል።

እና ለምን አራተኛ? ምክንያቱም ከዜሮ ጀምር ብትሉኝ እምቢ እላለሁ። መጀመሪያው በረዶ ውስጥ ነው፣ ጋሪ ተከትለህ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያልክ፣ ወሬ እየሰማህ። አንዴ ግሩም ነው። ሁለተኛ ጊዜ ገና ሳስበው ይደክመኛል። ሰፈራችን ጌም ቤት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ማንም ከበረዶው ሳይወጣ ሰዓቱ ያልቅበት ነበር።

ሦስተኛ ተከን 3። የድብድቡ ጌም። ለፕሌስቴሽን ዋን በ1998 የመጣው። ስለሱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፣ የተጫወተ ያውቀዋል። ችግሩ ኤዲ ጎርዶ ነው። ካፖይራ የሚጫወተው ብራዚላዊ። ስለ ጌም ምንም የማያውቅ ሰው ሁለቱን የእግር በተኖች ዝም ብሎ ከቀጠቀጠ ኤዲ እየተሽከረከረ አገር ያጠፋል። አንድ ሳምንት ፖል የሚባለውን ተደባዳቢ ስትለማመድ ከርመህ በአንድ ጀማሪ መረገጥ ያናድዳል። አንዷ የሰፈራችን ልጅ ወንድሟን «እራት ቀርቧል ተባልክ» ልትል ትመጣለች። እስኪነሳ «እስቲ አንዴ» ብላ ጆይስቲኩን ትቀበላለች። ኤዲን ትይዛለች። ቤቱን በሙሉ ተራ በተራ ጠራርጋ፣ ወንድሟን ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ «ኤዲ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እሷ ሌላ ሰው ይዛም አሸነፈች፣ ግን እሱን ማንም አያወራውም።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን።

ሁለተኛ ጂቲኤ ሳን አንድሬያስ። 2004። የጌሙን ዋና ሰው ሲጄን የማያውቅ የኔ ዕድሜ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ታሪኩ በ1992 ነው። ሲጄ እናቱ ሞታ ለቀብር ወደ ሎስ ሳንቶስ ይመለሳል። ገና ከኤርፖርት እንደወጣ ቴንፔኒ የሚባለው ፖሊስ ይይዘዋል፣ ድምፁ የአክተሩ የሳሙኤል ኤል ጃክሰን ነው። ብሩን ቀምቶ የጠላት ሰፈር ውስጥ ይወረውረዋል። ሲጄ አንዲት ሳይክል አንስቶ ሰፈሩ ግሮቭ ስትሪት ይደርሳል።

ይህችን ጉዞ ዓይኔን ጨፍኜ ልነዳት እችላለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሜሞሪ ካርድ የለም። ሁልጊዜ ኤርፖርት፣ ሁልጊዜ ቴንፔኒ፣ ሁልጊዜ ሳይክሏ። ቀጥሎ ያሉትን ጥቂት ሚሽኖች ጎበዝ ልጅ ከተቀመጠ እናያለን፣ ከዚያ ሰዓት ያልቃል። ላስ ቬንቹራስ የሚባል ከተማ እንዳለ የምናውቀው ከሲዲው ጋር ከመጣው ካርታ ነው። አንዱ ልጅ «ባቡሩ ወደዚያ ይሄዳል» ብሎ ተሳፍሮ ሰዓቱን ባቡር ውስጥ ጨረሰ።

ሚሽን የማይወድ ደግሞ ኮድ ይመታል። ኮዶቹ የሒሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነበሩ። አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ ኤክስ፣ ከዚያ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ሁለቴ። 250,000 ዶላር ከነጥይት መከላከያው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ይሄ ግን ጣቴ ላይ ነው። አዛን ሲል ባለቤቱ ድምፁን ይዘጋዋል። ሲጄ በዝምታ መኪና ይቀማል፣ በዝምታ ይተኩሳል፣ አዛኑ ሲያልቅ ሬዲዮው ካቆመበት ይቀጥላል። ማንም ቅር አይለውም። ፀባዩ እንደዚያ ነበር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ዝም ይላል።

ቢግ ስሞክን እንወደው ነበር። ወፍራሙ፣ ባለባርኔጣው። ዶሮ ጥብስ ቤት ሄዶ የሚያዘውን የምግብ ዝርዝር እንግሊዝኛ የማይችለው ሁሉ በቃሉ ይወርደው ነበር። አንድ ጓደኛችን እስከዛሬ በሱ ስም ነው የሚጠራው። ታዲያ ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ ሥራ ከያዝኩ በኋላ፣ ጌሙን ላፕቶፕ ላይ ጭኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቭ እያደረግኩ ተጫወትኩት። መሃል ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ቢግ ስሞክ ከሃዲ ነው! ከነዚያ ፖሊሶች ጋር ነው የሚሠራው! ሌላው ዓለም ይሄን በ2004 አውቆ አልቅሶ ጨርሷል። ለጓደኛዬ ደወልኩለት። «አንተ፣ ስምህን ቀይር።» ነገሩን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ምን ታካብዳለህ፣ እኛ የደረስንበት ድረስ ጥሩ ሰው ነበር» አለኝ። መልስ አላገኘሁለትም።

ጨረስኩት፣ መጨረሻውም ጥሩ ነው። ግን ለኔ ሳን አንድሬያስ አሁንም ሳይክሏ ናት።

አንደኛ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ፔስ 6፣ የኳስ ጌም።

ኮናሚ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ2006 ያወጣው። ሽፋኑ ላይ ማን እንዳለ አትጠይቁኝ፣ እኛ ጋ የመጣው በማርከር የተጻፈበት ኮፒ ሲዲ ነው። አርሰናልና ማንቼ እውነተኛ ስማቸውን ይዘው ነበር። ቼልሲ ግን «ለንደን ኤፍሲ» ነው። ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» ነው። የጀርመን ሊግ ከነአካቴው የለም፣ ባየርን ብቻውን ተንጠልጥሏል። የሊቨርፑል ደጋፊ የሆነ ልጅ መጀመሪያ ቀን መጥቶ ቡድኑን ሲፈልግ፣ ወረፋ የያዙት ሁሉ «አልቆ ነው፣ ተሽጧል» እያሉ ሲያሾፉበት ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

አድሪያኖ። ስሙን ብቻ ጽፌ ባልፍ የሚገባው ይገባዋል። የኢንተር ሚላኑ ግራኝ። የሹት ኃይሉ 99 ነው። ከመሃል ሜዳ ትንሽ አለፍ ብለህ በተኑን ተጭነህ ስትለቀው ኳሷ ትጮሃለች። በረኛው ይወድቃል፣ ግን ለወጉ ነው የሚወድቀው። በእውነተኛው ሜዳ የአድሪያኖ ነገር እንዳሰቡት አልሆነም። አባቱ በ2004 ከሞቱ በኋላ እንደ ድሮው ሊሆን እንዳልቻለ ራሱ ተናግሯል። እኛ ቤት ግን ገና ጎረምሳ ነው፣ ገና እየመታ ነው። ኢንተርን ይዞ ያሸነፈን ሰው ማንም «ጎበዝ» አይለውም። በጸጥታ ብሩን ይከፍልለታል እንጂ።

ሕጉ ተሸናፊ ከፋይ ነው። ፔስን ትልቅ ያደረገው ይሄ ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ። ፔስ ላይ ሰዓት አይቆጠርም፣ በጌም ነው የሚከፈለው። አሸናፊው አይነሳም፣ አይከፍልም። ጎበዝ ከሆንክ በባዶ ኪስ ገብተህ እስከ ማታ ትቀመጣለህ። ለዚህ ነው በ89ኛው ደቂቃ የሚቆጠር ጎል እንደዚያ የሚያስጮኸው፤ ቴሌቪዥን ላይ ያለው ዋንጫ ሳይሆን የዳቦ ብር ነው የተያዘው። እማዬ ለዳቦ የሰጠችኝን ብር በአንድ የማዕዘን ምት ያጣሁባትን ቀን እሷ እንዳታነበው እንጂ በዝርዝር እጽፈው ነበር።

የመብራት ሕግም ነበረን። ከ70ኛው ደቂቃ በፊት ከሄደ ጨዋታው ተሰርዟል። ከ70 በኋላ ከሆነ እየተመራ ያለው ይከፍላል። ሕጉ ሲወጣ ፍትሐዊ መስሎን ነበር። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ 3 ለ 0 እየተመራ 65ኛው ደቂቃ የደረሰ ልጅ ኳሷን ይዞ ጥግ ላይ መዞር ይጀምራል። ጎል ፈልጎ አይደለም። «ያ ረብ፣ አጥፋው» እያለ ነው። ነጎድጓድ በሰማ ቁጥር ፊቱ ይበራል። አንዱማ ኤክስቴንሽኑን በእግሩ ነቅሎታል ተብሎ ተከሷል። ምስክር ጠፍቶ በነፃ ተለቀቀ፣ ግን ከዚያ በኋላ ከሶኬቱ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ማስተር ሊግ የሚባል፣ አንድ ቡድን ይዘህ ዓመት ከዓመት የምታሳድግበት ነገር ፔስ ውስጥ እንዳለ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ዓለም ሁሉ ስለ ካስቶሎና ሚናንዳ ያወራል፣ ከምንም ተነስተው ሻምፒዮን ስላደረጓቸው የውሸት ተጫዋቾች። ካርድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የኛ አልነበረም። አልቀረብኝም። ፔስ ሁሌም 0 ለ 0 ነው የሚጀምረው። ትናንት 5 ያገባህብኝ ዛሬ ምንም አይጠቅምህም። መብራት ቢሄድ፣ ባለቤቱ ቢዘጋው፣ ነገ ስትመጣ የጎደለብህ ነገር የለም። ወንበርህ ላይ ሰው ከመቀመጡ በቀር።

ፊፋስ ትሉኛላችሁ። በመጀመሪያ አሁን ፊፋም አይባልም፣ ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል። ፔስም በ2021 ኢፉትቦል ተብሎ ወጣ፣ ስቲም የሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የወረደበትን ስድብ ስላነበብኩ ሬሳው ላይ አልጨምርም። ፊፋ ያምራል፣ አብዛኞቹ ቡድኖች በስማቸው አሉ፣ ሳሩ ሳይቀር ይለያል። ኮምቦልቻ አንድ የፊፋ ጓደኛ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እሱ ጋ እየሄድኩ እጫወታለሁ። ያሸንፈኛል። ተሸናፊ ከፋይ ነውና ምሳውን እኔ እከፍላለሁ፣ ዝርዝሬ ውስጥ ግን አላስገባለትም።